ጠላው ከበሩ አያልፍም

ማዙንጉ ባሏን የምታገኘው በዓመት አሥራ ስምንት ቀን ነበር። ለገና አሥራ አራት፣ ለፋሲካ አራት። ሠላሳ አንድ ዓመት በትዳር ኖሩ ይባላል እንጂ፣ አብረው ያደሩበት ሌሊት ቢደመር ከአንድ ዓመት ተኩል ብዙም አያልፍም። ይህን የደመረችው ልጇ ዴሊሲሌ ናት፤ አስተማሪ ሆና ከተቀጠረች በኋላ፣ አንድ ቀን ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ፣ አመዱ ላይ በጣቷ እየጻፈች።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ገና ሙሽራ ነሽ» አለቻት።

ማዙንጉ ሳቀች። ከዚያ ዶሮ የምታስገባ መስላ ወደ ጓሮ ወጣችና ብዙ ቆየች።

ወላጆቿ ያወጡላት ስም ባጃቡሊሌ ነው። ግን ከደርባን በስተሰሜን ባሉት የማፑሙሎ ኮረብታዎች ያገባች ሴት በአባቷ ጎሳ ትጠራለች፤ የዙንጉዎች ልጅ ስለሆነች ማዙንጉ ተባለች፣ በዚያው ቀረች። ባሏ ምፒኬሌሊ ከሴሌ ጎሳ ነው። የሴሌን ሰው በአክብሮት የሚጠራ «ንዶሲ» ይለዋል። እሷም ንዶሲ ትለው ነበር፤ ወይ ደግሞ የዴሊሲሌ አባት። በስሙ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም።

ንዶሲ ደርባን ወደብ ላይ ስኳር ጫኝ ነበር። የማፑሙሎ ኮረብታ ሁሉ አገዳ ነው። ከበሯ ፊት ለፊት የሚታየው አገዳ ታጭዶ፣ ተጨምቆ፣ ስኳር ሆኖ፣ በጆንያ ታስሮ፣ በመጨረሻ የሚያልፈው በባሏ ትከሻ ላይ ነው። ማዙንጉ ይህን ስታስበው ይገርማት ነበር። አገዳው ባሏ ጋ ይደርሳል፤ እሷ አትደርስም። ንዶሲ የሚያድርበት የሠራተኞች ማደሪያ ሴት አይገባበትም።

ገና ሲቃረብ ጠላ ትጠምቃለች። ማሽላውን በጆንያ አድርጋ ወንዝ ዳር፣ ትልቁ ድንጋይ ሥር ትዘፈዝፈዋለች። ብቅሉ ሲያቆጠቁጥ ታሰጣዋለች፣ ትፈጨዋለች፤ ገንፎውን አገንፍታ ታቀዘቅዘዋለች፤ የድፍድፉ ሽታ ቤቱን ሲሞላው ከሣር በተጎነጎነው ረጅም ማጥለያ ጠምዝዛ ታጠልለዋለች። ንዶሲ ከአውቶቡስ ወርዶ ኮረብታውን ሲወጣ ሽታው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀበለዋል። እሷ ተንበርክካ መጀመሪያ ትቀምስና ትሰጠዋለች። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ አረፋውን በትንፋሹ ወደ ዳር ይገፋል፤ ከዚያ ሳይጠጣ ውስጡን ያየዋል።

«ጉድፍ አለበት እንዴ?» ትለዋለች።

«የለበትም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

«ቆይ እንጂ ማዙንጉ። ከተማ ውስጥ እኮ ሲጠጡ አያዩትም።»

ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ሲቀረው፣ በጥቅምት ወር፣ አንድ እሁድ ቀን፣ ሞተ የሚል ስልክ መጣ። ልቡ ነው አሉ።

በዚያ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ ሲሞት ሬሳውን ማምጣት ብቻውን አይበቃም። ሬሳውን መኪና ያመጣዋል። መንፈሱ ግን መንገዱን አያውቅም፤ ትንፋሹ የወጣበት ቦታ ላይ ተቀምጦ የሚወስደውን ይጠብቃል። ስለዚህ ከዘመድ አንዱ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ እዚያው ቦታ ድረስ ይሄዳል፣ በጎሳው ሙገሳ ይጠራዋል፣ ቅርንጫፉ ላይ አሳፍሮ ይመልሰዋል። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው ቤት እስኪደርስ ከሕያው ጋር አይነጋገርም። ያኔ የሄደው የንዶሲ ታናሽ ወንድም ቤካኒ ነበር። ሆስፒታል ሄደ፣ ነርሷን የት ሞተ አላት፣ ነርሷ ወረቀቱን አየችና እዚህ አለችው፤ ከሬሳ ክፍሉ በር ጠርቶ አመጣው። ንዶሲ ከከብቶቹ በረት አጠገብ ተቀበረ። በዓመቱ በሬ ታርዶ ለአባቶቹ ተሰጠ።

ማዙንጉ ግን ቤቷ አልሞላ አላት። በክቡ ጎጆ በስተኋላ፣ ለሙታን ጠላ የሚቀመጥበት ጨለማ ጥግ አለ። እዚያ ጠላ አስቀምጣ ተንበርክካ ስታናግረው፣ ቃሏ ወደ ራሷ ይመለሳል። የአማቷ መንፈስ እዚያ እንዳለ ታውቃለች፤ ሲቆጣት ሁሉ ይሰማታል። የባሏ የለም። ሞተ ብላ አልቅሳለች፣ ጥቁር ለብሳ አውልቃለች፤ ግን ታኅሣሥ በገባ ቁጥር ጆሮዋ የአውቶቡሱን ድምፅ ሲጠብቅ ትይዘዋለች። ሥራ ላይ ያለ ሰው የሚናፈቀውን ያህል ነበር የምትናፍቀው። የሞተ ሰው ናፍቆት ሌላ ነው ይላሉ፤ ያኛውን ገና አልጀመረችውም።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረች።

በአሥረኛው ዓመት ክረምት ጎረቤት ሞቶ፣ ከለቅሶ በኋላ አንድ ሽማግሌ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ማካቲኒ ይባላል፤ ከንዶሲ ጋር አንድ ማደሪያ የኖረ፣ አንድ ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው።

«ማዙንጉ፣ ባልሽ እኮ ተንኮለኛ ነበር» አላት።

«ደግሞ ምን አደረገ?»

«እሁድ እሁድ መናፈሻው ውስጥ ነበር የምንውለው፣ ትልቁ ዋርካ ሥር። ወዴት እንሂድ? ማደሪያው ይሸታል፣ መሸታ ቤቱ ይጮኻል። መናፈሻው ደግሞ መጠጥ ክልክል ነው። ታዲያ ንዶሲ ምን ያደርጋል፣ የማሽላ ጠላውን በሻይ ፔርሙስ ሞልቶ ይመጣል። ከነሲኒው!»

በዙሪያቸው የተቀመጡት ጆሯቸውን አቀኑ።

«አንድ ቀን ዘበኛው መጣ። ‹ምንድን ነው?› ‹ሻይ።› ‹ሻይ አረፋ አለው እንዴ?› ንዶሲ ኮስተር አለና፣ ‹ወተት አለበት፤ የኛ አገር ላም እንዲህ ናት› አለው።»

ሰዉ ሳቀ። ማዙንጉም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ የማታውቀውን አንድ እሁድ ስላገኘች ደስ አላት።

«ሲጠጣው ግን ፊቱ አይፈታም» አለ ማካቲኒ። «‹ይሄ የሱቅ ጠላ ነው፤ የማዙንጉን ብትቀምሱ ይሄን ለአሳማ ትሰጡት ነበር› ይላል። የሞተ ዕለት እንኳ ይችኑ ብሎ ነው።»

«የሞተ ዕለት ሆስፒታል ነበር።»

«የምን ሆስፒታል? እኔው ጭን ላይ ነው እንጂ! ዋርካው ሥር። ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ‹ማካቲኒ፣ እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል› አለኝ። አምቡላንሱ ሲመጣ እጁ ቀዝቅዞ ነበር። ሆስፒታል የወሰዱት ሬሳውን ነው።» ፊቷን አየ። «አልነገሩሽም እንዴ?»

የሚገርመው መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ያለበትን አወቀች። ከዚያ ወዲያው ዘጠኙ ክረምት መጣባት፤ ዘጠኝ ክረምት ሣር ላይ፣ ዘጠኝ ዝናብ፣ ማንም ሳይጠራው። በዚያው ማታ ቤካኒ ደጅ ሄደች።

ቤካኒ ሰባ ሊሞላው ነው፤ በአንድ እግሩ ያነክሳል፣ በአንደበቱ ግን አያነክስም። ነገሩን ልታለዝበው ብዙ ሞከረች።

«ባዶ ቅርንጫፍ ነው ያመጣኸው ልትይኝ ነው?» አለ በመጨረሻ። «እኔን? ከደርባን እስከዚህ አፌን ዘግቼ፣ ሽንቴን ይዤ! ፖሊስ ስሜን ቢጠይቀኝ ያልመለስኩ! ባዶ?»

«ያንተ ጥፋት አይደለም። ነርሷን አመንክ። የጠራኸው ግን ካልተቀመጠበት በር ላይ ነው።»

«ታዲያ ዘጠኝ ዓመት ያስቀመጥሽለትን ጠላ የጠጣው ማን ነው?»

«አንተ ነህ ቤካኒ።»

በሩን ዘጋባት። ሳምንት ሙሉ በደጇ ሲያልፍ ፊቱን ወደ አገዳው እያዞረ ከረመ። እሷ ደግሞ ብቅሏን ዘፍዝፋ ነበር። ብቻዬን እሄዳለሁ ብላ ቆርጣለች። ባሏ ለሌላ ሰው ድምፅ እንደማይነሣ ታውቃለች፤ በሕይወትም እያለ እንዲያ ነበር። ጠላዋን ከቀመሰ ግን መጣች ይላል፤ ይነሣል። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው።

ጠላውን አጥልላ በጨረሰችበት ቀን ቤካኒ ግቢዋ መሃል ቆሞ አገኘችው፤ ከበረቱ ኋላ የቆረጠው የቁርቁራ ቅርንጫፍ በእጁ ነው። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንዱ ቀጥ ይላል፣ አንዱ ወደኋላ ይቆለመማል።

«የሴሌን ሙገሳ አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ?» አለ፣ ዓይኗን ሳያይ። «የዙንጉ ልጅ ብትሳሳትስ? ሌላ ሰው ተነሥቶ ቢከተለንስ?»

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሡ። ማዙንጉ ክዳን ባለው ነጭ ባልዲ ጠላዋን ይዛለች፤ ቤካኒ ቅርንጫፉን በጨርቅ ጠቅልሏል። ደርባንን ከዚያ በፊት ያየችው ሁለቴ ነው፣ ለዓይኗ ሕክምና። ከታክሲ ወርደው እየጠየቁ መናፈሻው ሲደርሱ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። በሩ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ ቆሟል። ውሻ በማሰሪያ ብቻ። አበባ መቁረጥ ክልክል ነው። የአልኮል መጠጥ ይዞ መግባትም ሆነ መጠጣት ክልክል ነው። ማንበብ ለማይችል ጠርሙስ ተስሎ በቀይ ተሰርዟል።

ከጥበቃ ቤቱ አርባ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ዩኒፎርሙ በደንብ የተተኮሰ ሰው ወጣ።

«ደህና አደራችሁ። እማማ፣ ባልዲው ውስጥ ምንድን ነው?»

«ገንፎ ነው» አለ ቤካኒ ፈጥኖ። «ጥርስ የለኝም ልጄ።»

ማዙንጉ ገላመጠችው። ባሏን በውሸት ልትጠራው አልመጣችም። «ጠላ ነው» አለች። «የማሽላ ጠላ። ራሴ የጠመቅሁት።»

ዘበኛው ሊናገር አፉን ሲከፍት ከጨርቁ የወጣውን እሾህ አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«ማንን ልትወስዱ ነው?»

«ባሌን።»

«መቼ ነው?»

«አሥር ዓመት ሊሆነው ነው። ዋርካው ሥር።»

«ውይ እማማ።» ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ። «ቅርንጫፉ ይግባ። እናንተም ግቡ፣ ማንም አይነካችሁም። ጠላው ግን ከበሩ አያልፍም።»

«አንጠጣውም እኮ። መሬት ላይ ጠብ ላደርግለት ነው።»

«ይገባኛል። ንዱሊ ነኝ፤ እኔም የሰው ልጅ ነኝ። ግን ባለፈው ወር ባልደረባዬ ለሙሽሮች አንድ ሻምፓኝ አሳልፎ ተባረረ። ያውና ካሜራው፣ መብራቱ ላይ። ሦስት ልጅ አለኝ።»

«ፈቃድ የሚባል ነገር የለም?» አለ ቤካኒ።

«አለ።» ንዱሊ ገባና ወረቀት ይዞ ተመለሰ፤ መርዳት እንደፈለገ ያስታውቃል። «የዝግጅቱ ዓይነት። ሠርግ፣ ልደት፣ ስብሰባ፣ ሌላ።»

«ሌላ በል።»

«የእንግዶች ብዛት?»

«ሁለት የሚተነፍሱ፣ አንድ የማይተነፍስ።»

«ድምፅ ማጉያ ትጠቀማላችሁ?»

«የኔ ድምፅ በቂ ነው። ሙት ይቀሰቅሳል፣ እናያለን።»

ንዱሊ ሳይወድ ሳቀ። «መልሱ በአሥራ አራት ቀን ይደርሳል።»

«በአሥራ አራት ቀን!» አለች ማዙንጉ። «እስከዚያ ኮምጣጤ ነው የሚሆነው። ልጄ፣ ስማኝ። ይህ ሰው ያለ ጠላዬ አይነሣም። አታውቀውም።»

ንዱሊ ወደ ሰሌዳው አየ፣ ወደ ካሜራው አየ። «አባቴ ጆሃንስበርግ ነው የቀረው፣ ማዕድን ውስጥ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከየት እንደምንጠራው እንኳ አናውቅም። ብችል ኖሮ እኔው ተሸክሜ አስገባልሽ ነበር። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም እማማ።»

ማዙንጉ ባልዲውን ጨበጠች፣ ለቀቀች። ሳምንት ሙሉ የደከመችበት፣ ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ጠላ ነው። ከዚያ ጥበቃ ቤቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ክዳኑን በመዳፏ ተጫነችው።

«እንዳትነካው።»

«ቤተ ክርስቲያኔም አይፈቅድልኝም፣ አይዞሽ።»

መናፈሻው ውስጥ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ፣ የሚሮጡ አሉ፣ ሣር ላይ የተኙ አሉ። ዋርካውን ማንም ሳያሳያት ለየችው። ሥሮቹ ከመሬት ወጥተው እንደ ግድግዳ ቆመዋል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ አንድ ሰው ልክ የሚሆን ቦታ አለ፤ ብዙ ጀርባ ተደግፎት ልጡ ለስልሷል። ማዙንጉ እጇን ሰደደችና ነካችው። ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል። ስንት እሁድ ይሆን? ዴሊሲሌ አመድ ላይ ብትደምረው ከአሥራ ስምንቱ ቀን ስንት እጥፍ ይወጣው ይሆን? ይህ ዛፍ ባሏን ከእሷ ይበልጥ ያውቀዋል። በዛፍ መቅናት እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

ቤካኒ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የታመመ እግሩን እያቃሰተ ተንበረከከ። ድምፁ ወጣ።

«ንዶሲ! የንጉሡ ቆቅ! የአባቶቻችን ልጅ! ልንወስድህ መጥተናል፣ ቤትህ ይጠብቅሃል! ንዶሲ!» የሚሮጡት ዞር ብለው እያዩ አለፉ። ሙሽራዋ ቀሚሷን ሰብስባ ቆመች። የቤካኒ ድምፅ ተሰበረ። «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ከሰው ቤት በር ላይ ቆሜ ነው የጠራሁህ። እኔ ደግሞ ይዤህ የሄድኩ መስሎኝ፣ መንገዱን ሙሉ ስኮራ ነበር።»

ቅርንጫፉን ለእሷ ሰጣት። መሬቱን ነካችበት፣ ጠበቀች። ከብዶ ይነሣል ይላሉ፤ የያዘው ሰው ያውቃል ይላሉ። ብድግ ስታደርገው እንደ ማንኛውም ቅርንጫፍ ቀለል ብሎ መጣ።

«መጣ?» አለ ቤካኒ።

ራሷን ነቀነቀች፤ አልመጣም። እጇ ባዶ ነው፤ ምን ይዛ ታባብለው? የሰው አገር ሣር ላይ፣ ባዶ እጇን። ካልተነሣ ሌላ ጉዞ የምትችልበት ዕድሜ እንደሌላት ታውቃለች። ጉልበቷን አጥፋ ከለሰለሰው ልጥ ፊት ተቀመጠች፤ እሱ ለገና ሲመጣ እንደምትቀመጠው።

«የዴሊሲሌ አባት» አለች። «ጠላ ጠምቄልህ ነበር። ብቅሉን ወንዝ ዳር ነው የዘፈዘፍኩት፣ እዚያው ድንጋዩ ሥር። አረፋው ደህና ነው። ግን እዚህ አይገባም አሉኝ። ሕጉን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ስንት ዓመት ተደብቀህበታል።» ልትለምነው ነበር ያሰበችው፣ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ይበቃል ታዲያ። በፔርሙስ፣ በሲኒ፣ ተሰርቆ መጠጣት ይበቃል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንተን ጠበቅሁ፤ ጠላም ይዤ እዚህ ድረስ መጣሁ፤ ቀሪዋን ግን አንተ ና። ጠላው በሩ ላይ ነው። ከጠማህ ተነሣና እንሂድ።»

ነፋስ አልነበረም። ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ወፍም አልጮኸም፤ ይህን የምለው ሰው ሲያወራው እየጨመረ ስለሚሄድ ነው። ማዙንጉ ቅርንጫፉን መሬት አስነክታ ስታነሣው ግን ክንዷ ወደ ታች ተሳበ። የታመመ ሰው ክንዷን ተደግፎ የሚነሣ ያህል። የሷ ድካም ሊሆን ይችላል፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ አልበላችም። እሷ አልጠየቀችም። ቅርንጫፉን ደረቷ ላይ አስደግፋ ቆመች፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ከሕያው ጋር አልተነጋገረችም።

በሩ ጋ ሲደርሱ ንዱሊ መወልወያ ይዞ ከጥበቃ ቤቱ ብቅ አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አልነካሁትም! በእግዚአብሔር ስም አልነካሁትም! ራሱ ነው!»

ባልዲው ክዳኑን ጥሏል። ነጭ አረፋ ጠረጴዛውን አልብሶ፣ የተመዝጋቢዎችን ደብተር ዞሮ፣ በጠረጴዛው እግር ወርዶ ወለሉ ላይ ሰፍሯል። ሙቀት ያገኘ አዲስ ጠላ ክዳን ይገፋል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ማዙንጉም ታውቃለች። ግን አረፋው ባለበት ቆማ፣ ጠላውን ሳይጠጡ እንደሚያዩት አየችው። መናገር አይፈቀድላትም።

ቤካኒ ግን ይፈቀድለታል። በሩን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ንዱሊ! ከበሩ አያልፍም ብለህ ነበር፤ አላለፈም! እሱ ነው እስከ በሩ የመጣው!»

«ወለሉ ላይ ፈሷል እኮ» አለ ንዱሊ። «ወለሉም የመናፈሻው ነው።»

«ታዲያ ለካሜራው ንገረው!»

ንዱሊ መወልወያውን ግድግዳ አስደገፈ። ኮፍያውን አወለቀ፣ ለማዙንጉ ሳይሆን ከእሷ ትንሽ ጎን ላለው ባዶ ቦታ ራሱን ዝቅ አደረገ። የተረፈውን ጠላ ከደነው፣ ታክሲ ተራው ድረስ ራሱ ተሸክሞ ሸኛቸው።

ቤካኒ የሦስት ሰው ከፈለ። አንዲት ጎመን የያዘች ሴት መሃሉ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ «ሰው አለበት» አላት። ሴትየዋ ቅርንጫፉን አየችና «ይቅርታ አባባ» ብላ ወደ ኋላ አለፈች፤ ይቅርታ ያለችው ለየትኛው እንደሆነ አልታወቀም። ሾፌሩ ሳይነገረው ሙዚቃውን ዝቅ አደረገው።

ቅርንጫፉን የያዘ ለሟቹ መንገዱን ይነግረዋል። ካልተነገረው ውሃ አይሻገርም። ሌላ ወሬ ግን የለም፤ መንገዱን ብቻ ነው።

«ምንጌኒ ወንዝ ነው» አለችው ከከተማው ሲወጡ፣ ቀስ ብላ። «እየተሻገርን ነው።»

ከዚያ አገዳው መጣ፣ በግራም በቀኝም፣ እስከ ባሕሩ። ማዙንጉ አንድ ነገር ድንገት ገባት፤ ከባሏ ጋር መኪና ተሳፍራ አታውቅም። እሱ ሁልጊዜ ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይሄዳል፤ እሷ ማቆሚያው ላይ ቆማ አቧራውን ታያለች። ዛሬ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቅርንጫፉን ወንበሩ ላይ አስደግፋ፣ እጇን ላዩ ላይ አድርጋለች፤ እሾሁ መዳፏን ሲወጋት አላነሣችውም። ልትነግረው የቆጠበችው ነገር ብዙ ነበር። ስለ ዴሊሲሌ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዘጠኙ ታኅሣሥ። የሚፈቀድላት ግን መንገዱ ብቻ ነውና መንገዱን ነገረችው።

«ምድሎቲ። ውሃው ጎድሏል።»

«ይሄ አገዳ ገና አልታጨደም።»

«ቶንጋቲ። ድልድዩ ጠባብ ነው።»

ቤካኒ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ቤት ሲደርሱ ደጅ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ታውቃለች፤ ዴሊሲሌ፣ ልጆቿ፣ ጎረቤቱ ሁሉ። ንዶሲ ወደ ጨለማው ጥግ ይገባል፤ እናቱ አሉ፣ አባቱ አሉ፣ አያቶቹ አሉ፤ የሁሉም ይሆናል። የእሷ ብቻ የሆነው በዚህ ወንበር ላይ ነው። አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተመኘችው ቤቱ እንዲደርስ ነበር፤ አሁን ሾፌሩ ትንሽ ዝግ ቢል ተመኘች።

መንገዱ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር ውሃው ከሩቅ አብረቀረቀ። ማዙንጉ ወደ ባዶው ወንበር ጠጋ አለች።

«ምቮቲ ነው» አለችው። «የመጨረሻው ነው። ቀስ ብለን እንሻገር።»